«አዳነን» ወይስ «አቆየን»?



በየዓመቱ የሐምሌ ወር ሊገባደድ ሲል ድሬዳዋ የሚኖሩት ቤተሰቦቼ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ይሰባሰባሉ። በዓል አይደለም፤ ለቅሶም አይደለም። ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዚያ ያቺ ሌሊት ትነሳለች። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ያወራል፤ አንዱም ሌላውን ያርማል። እኔ ሥራዬ አዲስ አበባ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው በስልክ ነው። በጋዜጠኝነት ሙያዬ የስንቱን ሰው ምስክርነት ስጽፍ የቤተሰቤን ግን እስከ ዛሬ ሳልጽፈው ቆይቻለሁ። ያስቸገረኝ ታሪኩ አይደለም። ያስቸገረኝ እናቴ ፈጽሞ የማትናገራት አንዲት ቃል ናት። ሰዎች «አላህ አዳናችሁ» ሲሏት «አላህ አቆየን» ብላ ትመልሳለች። «አዳነን» አትልም። ለምን እንደማትል ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው።

ያቺ ሌሊት

ድሬዳዋን ለማያውቅ አንባቢ በቅድሚያ ስለ ደቻቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከተማዋ ያደገችው በ1895 ዓ.ም. የጂቡቲው ምድር ባቡር ከደረሰባት ወዲህ ሲሆን፣ ደቻቱ መሐል ለመሐል ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል የባቡር ጣቢያው ያለበት ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የለበትም፤ ሰፊ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገርበታል፣ ከብት ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃው የሚመጣው ከሩቅ፣ ከደንገጎና ከአካባቢው የሐረርጌ ደጋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን ተራሮቹ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። ቁልቁለቱ አጭርና ቀጥ ያለ በመሆኑ፣ ደኑም ተመንጥሮ በማለቁ፣ እዚያ ላይ የጣለ ኃይለኛ ዝናብ የሚይዘው ሳያገኝ በአጭር ጊዜ ከተማው ላይ ይወርዳል። በመሆኑም ድሬዳዋ ውስጥ ጎርፍ የሚመጣው ሰው በራሱ ጣራ ላይ የሚያሰጋ ዝናብ ባልሰማበት ሌሊትም ሊሆን ይችላል።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። ደቻቱ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሞልቶ፣ ሰው በተኛበት ዳርቻውን ጥሶ ገባ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የብዙዎች ደብዛ ጠፋ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ደግሞ ቤት አልባ ሆኑ። እኔ ያኔ ሰባተኛ ክፍልን ጨርሼ ስምንተኛ ልገባ ነበር።

ቤታችን በመጋላ በኩል፣ ከወንዙ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ጭቃ ቤት ነበር። ልብስ ሰፊው አባቴ እዚያ የገዛው ለገበያ ስለሚቀርብና ዋጋው ስለሚቀንስ ነው። ከሚመለከተው ክፍል መጥቶ «እዚህ አይኖርም» ያለው ሰው አልነበረም። አንድ የሰፈር አዛውንት ብቻ፣ ደቻቱ ከዚያ በፊትም ሰው እንደ ወሰደ ነግረው፣ ውሃ የሄደበትን መንገድ እንደማይረሳ አስጠንቅቀውት ነበር። አባቴ አክብሮ ሰማቸውና ረሳው።

በዚያች ሌሊት ከመላው ቤተሰብ ንቁ የነበረው አጎቴ ብቻ ነው። የነቃበትን ምክንያት ስናገር አንዳንድ አንባቢ ቅር ሊለው ይችላል፤ እውነቱ ይኸው በመሆኑ ግን አልደብቀውም። አጎቴ ሲቅም አምሽቶ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ነበር። በዚሁ በጫቱ የተነሳ እናቴ ነጋ ጠባ ትቆጣው ነበር። የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ከሩቅ የሚያጓራ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ ባቡር መሰለው። ወዲያው ግን በዚያ ሰዓት የሚገባ ባቡር እንደሌለ ትዝ አለው። በሩን ሲከፍት ውሃው ደጃፋችን ደርሷል። ጮኸ። አያቴን አዘለ። አባቴ የኋላውን የአጥር ቆርቆሮ በእግሩ ገነጠለው። እናቴ እኔንና እህቴን በእጅና በእጇ ይዛ ወጣች። ከፍ ወዳለው መንገድ ስንደርስ ውሃው ወገቤን ይዞኝ ነበር። ወደ ኋላ ስንዞር ቤታችን አልነበረም።

ዛሬ ስናወራው ሁላችንም የምናስታውሰው የተለያየ ነው። አባቴ ድምፁን ያስታውሳል። እህቴ የጠፋባትን አንድ እግር ጫማ ታስታውሳለች። እናቴ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአያቴን ሙስሐፍ ሳታወርድ መውጣቷን ታነሳለች። እኔ የእናቴን ጣቶች አስታውሳለሁ፤ አንጓዬ ላይ ምልክቱ ለቀናት ቆይቶ ነበር። አጎቴ ግን የሚያስታውሰው የጎረቤታችንን የቆርቆሮ በር ነው። አያቴን እንዳዘለ ሲያልፍ በሩን ሁለት ጊዜ በጡጫው መታው። «ውሃ! ውሃ!» አለ። መልስ ሳይጠብቅ አለፈ። ሊጠብቅም አይችልም ነበር፤ ውሃው ከጉልበቱ አልፏል፣ ጀርባው ላይ አሮጊት አለች።

ያ ጎረቤታችን ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብረው፣ ሱብሕን በጀመዓ መስገድ የማያመልጠው፣ በላቡ የሚያድር ሰው ነበር። እሱና ሁለት ልጆቹ በዚያች ሌሊት ሄዱ። ሚስቱን ውሃው ገፍቶ አንድ የግንብ አጥር ላይ ጣላትና ተረፈች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሲቅም ያመሸው ተረፈ፤ ለሱብሕ ሊነሳ በጊዜ የተኛው ሄደ።

«ወዷችሁ ነው»

ማለዳው የጀናዛ ማለዳ ነበር። የመጋላ ነጋዴዎች አቡጀዲ በጣቃ በጣቃ አወጡ። አባቴ መቀሱን ጎርፍ ስለወሰደበት በተዋሰው መቀስ ቀኑን ሙሉ ከፈን ሲቆርጥ ዋለ፤ ከቆረጠው ውስጥ ሁለቱ አጫጭር እንደነበሩ የነገረን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እኛን ያስጠጉን ከዚራ የሚኖሩ ክርስቲያን ቤተሰቦች ነበሩ። የቤቱ እመቤት እኛ ያለ ስጋት እንድንበላ ብላ ከሙስሊም ጎረቤቷ ድስት ተውሳ፣ ሥጋውንም ከሙስሊም ሉካንዳ አስመጥታ ሠራችልን። ከዚያ ወደ ድንኳን ሄድን። ሃምሳ ቀን ሳይሞላ ረመዳን ገባ፤ ጾሙን የያዝነው ድንኳን ውስጥ ነበር። የጎረቤታችን ባለቤት ብቻዋን ስለቀረች እናቴ ከእኛ ጋር አደረገቻት።

አንድ ምሽት ከሩቅ የመጡ ዘመዳችን አብረውን አፈጠሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ገንዘብም ልብስም ይዘው መጥተዋል። ፈጥረን እንዳበቃን ወደ እናቴ ዞር አሉና «አላህ ወዷችሁ ነው ያዳናችሁ፤ የሥራችሁን አይቶ ነው» አሏት። ክፉ አላሰቡም። ነገር ግን ያቺ ሴት እዚያው ቁጭ ብላ ነበር። ምንም አልተናገረችም። የውሃውን ጆግ አንስታ፣ ውሃ ሞልቶበት ሳለ፣ ልትቀዳ ወጣች።

እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ «አዳነን» የሚለውን ቃል ከአፏ አወጣችው።

ለመሆኑ «አላህ ወዶን አዳነን» ስንል ስለ ሄዱት ምን እያልን ነው? ጠልቷቸው ወሰዳቸው ማለታችን ነውን? አብዛኞቻችን «አስተግፊሩላህ፣ እንዲህስ አላልኩም» እንላለን። ነገር ግን የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር ከተናገርን ሁለተኛው ባንናገረውም ይሰማል፤ ከሁሉ ይልቅ ለሚመለከተው ሰው ይሰማል። በዚያን ሰሞን ከዚህም አልፈው በግልጽ የተናገሩ ነበሩ። ጎርፉ በከተማዋ ኃጢአት የመጣ ቁጣ ነው አሉ። ከድሬዳዋው አደጋ አንድ ሳምንት ግድም በኋላ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ የዳሰነች አርብቶ አደሮችን ከነከብቶቻቸው ፈጀ። ያ አርብቶ አደርስ በየትኛው የከተማ ኃጢአት ተቀጣ? ደግሞስ ቁጣ ከሆነ የሰፈሩን ትጉህ ሰጋጅ ወስዶ ሲቅም ያመሸውን አጎቴን የሚተው እንዴት ያለ ቁጣ ነው?

ሃይማኖታችን ራሱ ይህን ዓይነቱን ሒሳብ አይቀበለውም። በአል-ፈጅር ምዕራፍ የተነገረው ግልጽ ነው፦ ሰው ሲደላው ጌታዬ አከበረኝ፣ ሲጠበው ደግሞ ጌታዬ አዋረደኝ ይላል፤ ቁርኣንም ይህን አስተሳሰብ ውድቅ ያደርገዋል። መከራም ጸጋም ሁለቱም ፈተና ናቸው። በጎርፍ ሰጥሞ የሞተ አማኝ ከሸሂዶች እንደሚቆጠርም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። እንግዲህ የሄዱት የተጠሉ ናቸው ማለት ከየት የመጣ ነው? መትረፍ የምስክር ወረቀት አይደለም። እኛ ፈተናውን ያለፍን፣ እነሱ የወደቁ አይደሉም፤ እነሱ የጨረሱትን እኛ ገና ተቀምጠን እየሠራነው ነው።

ቀደርን ማን ይናገረው?

ይህ የታሪኩ አንድ ጎን ነው። ሌላኛው የአጎቴ ነው።

አጎቴ ለብዙ ጊዜ ስለዚያች ሌሊት ሲወራ ተነስቶ ይወጣ ነበር። «ሁለቴ ነው የመታሁት፤ ሦስተኛ ብመታ ኖሮ» ይላል፣ ይቀጥልናም ያቋርጠዋል። ሰዎች ሊያጽናኑት «ተው፣ ቀደር ነው» ሲሉት ይባስ ይቆጣ ነበር። አንድ ቀን ግን ያቺ ጎረቤታችን ራሷ ጠራችው። እናቴ እዚያው ስለነበረች ቃሉን ደጋግማ ነግራናለች። «ወንድሜ፣ አንተ ሁለቴ መትተህልናል፤ ሌላው ሰው አንዴም አልመታም። የነሱ ቀን ደርሶ ነው፤ ቀደር ነው። እኔ አውፍ ብዬሃለሁ» አለችው። አጎቴ ያን ዕለት እንደ ልጅ አለቀሰ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ሰው ኃላፊነትና ስለ ዕጣ ፈንታ ብዙ አንብቤአለሁ። የዚያችን ሴት ያህል ያስተማረኝ ግን የለም። «ቀደር ነው» የሚለው ቃል አንድ ሆኖ ሳለ፣ ማን ለማን እንደሚናገረው ትርጉሙ ይለያያል። የተጎዳው ሰው ሲናገረው ይቅርታ ነው፤ ሌላውን ከሸክም ያወርዳል። በሥራው የዘነጋ ሰው ስለራሱ ሲናገረው ግን ማምለጫ ነው። ወንዝ ዳር ቤት ሲሠራ ያየና ዝም ያለ፣ ደኑ ሲጨፈጨፍ ያየና ዝም ያለ፣ ደጋ ላይ ዝናብ መጣሉን ሰምቶ ለቆላው ያልነገረ ሰው «ቀደር ነው» ሊል አይገባውም። አባቴም ቢሆን የአዛውንቱን ምክር ሰምቶ ለመርሳቱ ቀደርን ምክንያት አድርጎ አያውቅም። «ጥፋቴ ነው» ይላል፤ ቀጥሎም «አልሐምዱ ሊላህ» ይላል። ሁለቱ አልተጣሉበትም።

በዚህ ረገድ የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። ወደ ሻም ሲጓዙ አገሩን ወረርሽኝ እንደገባው ሰሙና ከተማከሩ በኋላ ሰዎቻቸውን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ይቻላልን ብለው ጠየቁ። ዑመር የመለሱት፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ ነው። ምሳሌም ሰጡ፦ ግመሎች ያሉት ሰው ሁለት ዳርቻ ያለው ሸለቆ ቢያገኝ፣ አንዱ ለምለም ሌላው ደረቅ ቢሆን፣ በየትኛውም ቢያሰማራቸው በአላህ ውሳኔ ነው።

ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ደቻቱ ትዝ ይለኛል፤ እሱም ሁለት ዳርቻ አለውና። ዳርቻው ላይ መተኛት በቀደር ነው፤ ከፍ ካለው ቦታ መተኛትም በቀደር ነው። አስቀድሞ የጎረቤትን በር ማንኳኳትም እንዲሁ። ታዲያ ቀደርን ስለ ትላንት ስንናገረው ሶብር ይሆናል፤ ስለ ነገ ስንናገረው ግን ስንፍና ይሆንብናል። ግመሉን ማሰርና በአላህ መመካት አብረው እንዲሄዱ የታዘዝነውም ለዚህ ነው።

ያቆየን ለምንድን ነው?

ከጎርፉ በሦስተኛው ቀን አባቴ የልብስ ስፌት መኪናውን ከደለል ውስጥ ቆፍሮ አወጣው። እግሩ ተጣሞ፣ ውስጡ በአሸዋ ተሞልቶ ነበር። ብሎን በብሎን ፈትቶ በነጭ ጋዝ አጠበው፣ ዘይት ቀባው፣ ቀበቶውን ለወጠው። መስከረም ላይ ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋ ነበር። ኋላም በከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ ከወንዙ ርቆ፣ ለተፈናቃዮች ከተሰጠው ቦታ ደረሰን። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ያቺ ጎረቤታችን ጎናችን እንድትሆን። ሆነላት። አባቴ በዚያችው መኪና ስፌት አስተማራት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሷን መኪና ገዛች። ቤት መልሶ መሥራት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ግድግዳና ጣራ ነው። ቤተሰቤ መልሶ የሠራው ግን ከሁሉ በፊት ጉርብትናውን ነበር።

አሁን «አቆየን» የሚለው ቃል ገባኝ። «አዳነን» ነገሩን ይዘጋዋል፤ አደጋው አለፈ፣ እኛ ወጣን፣ አለቀ ያሰኛል። «አቆየን» ግን ጥያቄ ያስከትላል፦ ለምን? እስከ መቼ? የሚቆይ ነገር ለአንድ ጉዳይ የቆየ ነው፤ አማና ነው። የአማና ባለቤት ደግሞ አይኮራም፤ የሚያስበው ስለ ማስረከብ ነው። የተረፈ ሰው ሹክሩ ምላስ ላይ ብቻ ከቀረ፣ ያውም የሞተበትን ሰው ፊት ሳያይ ከተናገረው፣ ሹክር መሆኑ ያጠራጥራል። ሹክር ማለት በቆየበት ዕድሜ ለሌላው በር መምታት ነው።

ይህ የቃል ጌጥ አይደለም። ጎርፉ ካለፈ ወዲህ በደቻቱ ዳርቻ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውሃው የሚነሳው ተራራው ላይ ነው። ተራራው ዛፍና እርከን ይፈልጋል፤ ዳርቻው ደግሞ ለሰው መኖሪያ እንዳይሆን የሚቆጣጠር ሰው፤ ድሀውም «ከዚህ ተነሳ» ከመባሉ በፊት «እዚያ ግባ» የሚባልበት ቦታ። ከሁሉም በላይ የደጋው ሰው ያየውን የቆላው ሰው በጊዜው እንዲሰማ ያስፈልጋል። በየሰፈሩ እድርና ጀመዓ ያለን እኛ፣ የሞተን በሰዓታት ውስጥ ከፍነን መቅበር የምንችል እኛ፣ ያልሞተን በደቂቃ ውስጥ መቀስቀስ እንዴት ያቅተናል?

አጎቴ በበኩሉ መልስ አግኝቷል። ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ተራራው በኩል ሰማዩ ሲጠቁር፣ ደንገጎ ለሚያውቀው አንድ የሻይ ቤት ባለቤት ይደውላል። እዚያ ኃይለኛ ዝናብ ይጥላል ከተባለ ባትሪውን ይይዝና በወንዙ አቅራቢያ ወዳሉ ቤቶች ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ጎርፍ ሳይመጣ ይቀራል። «አቦ ተወና፣ እንተኛበት!» የሚሉት አሉ። ይስቅና ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል። ጫቱን እንዳልተወ እናቴ አሁንም ትነግረኛለች፤ አሁንም ትቆጣዋለች። ነገር ግን በሩን ስንት ጊዜ እንደሚመታ ስጠይቃት ድምፅዋ ይለሰልሳል።

ሦስት ጊዜ ነው የሚመታው። ከሦስተኛው በኋላም መልስ እስኪሰማ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።

ወላሁ አዕለም።